የባይልመር ፎቆችና በመዝገብ የሌሉት ነዋሪዎች

ዛሬ ከዕለቱ የፖለቲካ ወሬ ለጥቂት ደቂቃ ወጣ ብለን ስለ ፎቅ ቤት እናውጋ። ፎቅ ደግሞ ምን ታሪክ አለው የምትሉ ትኖራላችሁ። አለው እንጂ። አንድ መንግሥት ሕዝቡን እንዴት አድርጎ ቤት እንዳስገባ ማየት የፓርቲውን ፕሮግራም ከማንበብ ይልቅ ጠባዩን ያሳውቃል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አምስተርዳም ያላችሁ ወገኖቻችን ባይልመርን ታውቁታላችሁ። ሌሎቻችሁ ከከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ያለ ሰፈር ነው ብላችሁ ያዙልኝ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሆላንድ የቤት እጥረቱ እጅግ የከፋ ነበር። የአምስተርዳም ማዘጋጃ ቤት በ1960ዎቹ መልስ ይሆናል ያለውን አዲስ ሰፈር ነደፈ፤ የንድፉ መሪም ሲግፍሪድ ናሱት የሚባል የማዘጋጃ ቤቱ ባለሙያ ነበር። ከፍታቸው 10 እና 11 ፎቅ የሆነ፣ ከላይ ሲታዩ የማር እንጀራ የሚመስሉ 31 ግዙፍ ሕንፃዎች፣ በውስጣቸውም ወደ 13 ሺህ የሚጠጋ መኖሪያ። መኪናው ከፍ ብሎ በተሠራ መንገድ ይሄዳል፤ ሰውና ብስክሌት ከታች በሣርና በዛፍ መካከል ይመላለሳሉ። በወረቀት ላይ ገነት ነው። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች በ1968 ገቡ።

ይህ ሐሳብ ከየት መጣ? ዋናው ምንጩ ሌ ኮርቡዚየር ነው፤ ከተማን እንደ ማሽን ማቀድ ይቻላል ብለው ከሚያምኑት አርክቴክቶች ግንባር ቀደሙ። እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ይህን ሰው የምናውቅበት ሌላ ምክንያት ሊኖረን ይገባል። በ1936 ፋሺስት ጣሊያን አዲስ አበባን እንደያዘ፣ ሌ ኮርቡዚየር የአዲስ አበባን ፕላን በእጁ ስሎ ለሞሶሎኒ መንግሥት ላከ። በዚያ ንድፍ ላይ ከነበረችው ከተማ የቀረ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሰፈሩም፣ ሰፈርተኛውም ተጠርጓል። ንድፉ ሥራ ላይ አልዋለም። ነገር ግን ባዶ ወረቀት ፊቱ ዘርግቶ ሰው የሌለ ይመስል የሚያቅድ አእምሮ ምን እንደሚመስል ያሳያል።

ወደ ባይልመር እንመለስ። ሰፈሩ የታሰበው መካከለኛ ገቢ ላለው የሆላንድ ቤተሰብ ነበር። እሱ ግን አልመጣም፤ የመጣውም ብዙ አልቆየም። ኪራዩ ውድ ነው፣ ሱቁ በጊዜው አልተሠራም፣ ሜትሮው የደረሰው በ1977 ነው። ወጪ ለመቀነስ የሊፍቱ ቁጥር ሳይቀር ተቀንሷል። በዚያ ላይ ትንሽ ጓሮ ያለው ቤት በሌሎች አዳዲስ ከተሞች ሲገኝ ማን አሥረኛ ፎቅ ላይ ይቀመጣል? ስለዚህ ቤቶቹ ባዶ ቆሙ።

በዚያው ሰሞን ሱሪናም ከሆላንድ ቅኝ አገዛዝ ልትወጣ ተቃርባ ስለነበር (ነፃነቷን ያገኘችው በኅዳር 1975 ነው) በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሱሪናማውያን ወደ ሆላንድ ጎረፉ። ቤት ሲጠይቁ ተከለከሉ። አከራይ ድርጅቶቹ በአንድ ሕንፃ ይህን ያህል ሱሪናማዊ ይበቃል የሚል ኮታ ነበራቸው። ልብ በሉ፣ ቤቱ ባዶ ነው፤ ሰውየው ሜዳ ላይ ነው። በ1974 ሱሪናማውያን ቤተሰቦች ግሊፕሁቭ በተባለው ሕንፃ ባዶ አፓርትመንቶችን በራሳቸው ሥልጣን ገብተው ያዙ። ግርግሩ ጋዜጣ ሞላ። ማዘጋጃ ቤቱ በኋላ የሕንፃውን ስም ለወጠው። ስም መለወጥ መቼም የእኛ አገር መንግሥታት ብቻ ሙያ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ከጋናም፣ ከአንቲልስ ደሴቶችም፣ ከሌላም አገር ስደተኛው መጣ። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው ወረቀት ባለው ሰው ቤት ገብቶ አንድ ክፍል ይካፈላል። ስሙ በበሩ ላይ የለም፤ በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብም የለም።

እሑድ ጥቅምት 4 ቀን 1992፣ በእኛ መስከረም 24 ቀን 1985 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል፣ ከስኪፕሆል ወደ ቴል አቪቭ የተነሣ የኤል አል ቦይንግ 747 የጭነት አውሮፕላን በቀኝ ክንፉ ያሉት ሁለት ሞተሮች ተገንጥለው ወደቁ። አብራሪዎቹ ሊመለሱ ሲሞክሩ አውሮፕላኑ ግሩንቪንና ክላይን ክራይትበርግ የተባሉት ሕንፃዎች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ተከሰከሰ። ሰው እራት ላይ ነበር።

ስንት ሰው ሞተ? በመጀመሪያ ከ200 በላይ ነው ተብሎ ተፈራ። በመጨረሻ የተረጋገጠው 43 ነው፤ 4 በአውሮፕላኑ ውስጥ፣ 39 መሬት ላይ። ቁጥሩ እንዲህ የዋዠቀው መንግሥት እነዚያ ቤቶች ውስጥ ማን እንደሚኖር ስላላወቀ ነው። ወረቀት የሌለው ሰው ወንድሜ ጠፋ ብሎ ፖሊስ ጋ እንዴት ይሄዳል? መንግሥት ችግሩን ሲያየው በተመቱት ሕንፃዎች ይኖሩ ለነበሩ ወረቀት አልባዎች የመኖሪያ ፈቃድ እንሰጣለን አለ። ያኔ በዚያ ያልኖረውም ጭምር ተሰለፈ። አንዳንዶች ይህን እንደ ማጭበርበር አወሩት። እኔ ግን አልፈርድባቸውም፤ ለዓመታት የለህም ሲባል የኖረ ሰው አለህ የሚባልበት በር ሲከፈት ቢሮጥ ምን ይገርማል?

አውሮፕላኑ ስለጫነው ነገር ለዓመታት ግልጽ መልስ ስላልተገኘ፣ ነዋሪዎችም ታመምን ስላሉ፣ ጉዳዩ ዘ ሄግ ፓርላማ ድረስ ሄዶ በ1999 የምርመራ ኮሚሽኑ ሪፖርት ወጣ። መዘግየቱ ያስቆጣል። ቢሆንም ሚኒስትሮች በቴሌቪዥን ፊት በመሐላ ተጠይቀዋል።

ከፎቆቹ ግማሽ ያህሉ በኋላ ፈርሰው በአነስተኛ ቤቶች ተተኩ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ጥቁር ነዋሪዎች "ሰፈሩ የእኛ ሆኖ ሳለ የሚያቅዱልን ነጮች ብቻ ናቸው" ብለው ተነሥተው ነበር። ከአሮጌዎቹ አንዱ፣ ክላይበርግ፣ ከመፍረስ ተርፎ በአንድ ዩሮ ተሸጠ፤ ገዢዎቹ አጽሙን አድሰው የቤቱን ውስጥ ለነዋሪው ተዉለት። በ2017 የአውሮፓን ትልቁን የአርክቴክቸር ሽልማት፣ ሚስ ቫን ደር ሮኸን፣ አገኘ። ለካ ሕንፃው ራሱ ችግር አልነበረበትም።

ሆላንድ ከዚህ ሁሉ ተማረች እንዳትሉኝ። ሮተርዳም ከ2006 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለ ሕግ መሠረት፣ በአካባቢው 6 ዓመት ያልኖረና የሥራ ገቢ የሌለው ሰው በተመረጡ ሰፈሮች እንዳይከራይ መከልከል ትችላለች። አዲስ ስደተኛ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው።

አዲስ አበባ ላይ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ኮንዶሚኒየም በብዛት ተሠራ። ሊፍት የሌላቸው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለበግ ማረጃ የጋራ ቤት የተሠራላቸው። ያንን የጋራ ቤት ያሰበ ሰው ሰፈርተኛውን ያውቀዋል፤ ሌ ኮርቡዚየር አይደለም። በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተመዘገበ። ግን ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱ ምትክ ቤት የሚጠየቀው በውል ነው። በቀበሌ ቤት ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይታ ጉሊት የምትውለዋ እናት፣ የተከራይ ተከራይ፣ ውል የላትም። ግሬደሩ ሲመጣ በየትኛው መዝገብ ትፈለግ?

ባይልመር ውስጥ፣ አውሮፕላኑ ከወደቀበት አጠገብ ከእሳቱ የተረፈ አንድ ዛፍ አለ። ሆላንዳውያን "ሁሉን ያየው ዛፍ" ይሉታል። በየዓመቱ ጥቅምት 4 ሰዎች እዚያ ተሰብስበው ሟቾቹን ያስባሉ። ከነዋሪዎቹ መካከል 43 አይደሉም፣ ከዚያ ይበልጣሉ የሚሉ ዛሬም አሉ።