«ፍሬ ሥርዓት» እና «ራስጌ»፤ የሁለት የኮምፒዩተር ቃላት ታሪክና ትርጉም

ቀድሞ የመንዝና ግሼ አውራጃ ይባል በነበረው የሰሜን ሸዋ ከፍታ ገብስ የደጋው ዋነኛ እህል ነው። ነዶው በአውድማ ላይ በበሬ ከተበራየ በኋላ በመንሽና በላይዳ ለነፋስ ይሰጣል፤ ገለባው ይሄዳል፥ ፍሬው ይቀራል። ፍሬውም በሙቀጫ ተፈትጎ ገለፈቱን ይለቅቃል። እንግሊዞች «ከርነል» የሚሉት ቃል በመሠረቱ ይህንኑ ከልባሱ የተላቀቀውን የእህል ቅንጣት የሚያመለክት ነው። ዛሬ ግን ቃሉ የኮምፒዩተር ሥርዓተ ክወና ማእከል መጠሪያ ሆኖ ይሠራበታል።

ከመሐል ሜዳ፥ ከሞላሌ፥ ከራቤል ወይም ከመርሐ ቤቴዋ ዓለም ከተማ ተነሥቶ በ1999 ዓ.ም. ወደ ተቋቋመው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ ይህን ቃል የሚያገኘው በእንግሊዝኛ ነው፤ በአያቱ አውድማ ላይ የሚያውቀው ነገር መሆኑን የሚነግረው የለም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ «የከርነል ሄደር» የሚለው ሐረግ ነው። ትርጉሙን ያልጨበጠ ሰው የራሱን ከርነል ሊያጠናቅር ሲነሣ ሥራው ይሰናከልበታል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የሁለቱን ቃላት አመጣጥ መርምረን የአማርኛ አቻዎቻቸውን ለመወሰን እንሞክራለን።

፩. ፍሬ ወይስ አስኳል?

የቃል ምርጫው ክርክር በእኛ አልተጀመረም። ዴንማርካዊው ፐር ብሪንክ ሃንሰን በ1969 እ.ኤ.አ. አርሲ 4000 ለተባለው ኮምፒዩተር ያዘጋጀውን ሥርዓት ማእከል «ኒውክሊየስ» ብሎ ነበር። ከርነሉን ከውጭ ሸፍኖ የተጠቃሚውን ትእዛዝ የሚቀበለው ክፍል ደግሞ «ሼል» ማለትም ቅርፊት ተባለ፤ ይህን ስም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጣው ፈረንሳዊው ሉዊ ፑዛን ነው። ውሎ አድሮ ቅርፊትና ፍሬ ተጣምረው ጸኑ።

ለአማርኛችን «አስኳል» እና «ፍሬ» ይቀርባሉ። አስኳል የእንቁላሉ አስኳል ነው፤ በሳይንስ ጽሑፍም ለአቶምና ለሕዋስ ማእከል ተይዟል። ፍሬ ብቻውን ሲቆም ብዙ ትርጉም ስላለው ያሻማል፤ ነገር ግን «ፍሬ ነገር» በሚለው የቆየ አነጋገር ላይ ቃሉ የአንድን ጉዳይ ዋና አካል ለይቶ ያሳያል። በዚሁ ስልት «ፍሬ ሥርዓት» ብንል ከባዕዱ ቃል ምሳሌ ጋር ይገጥማል፥ ከ«ቅርፊት» ጋርም ይጣመራል።

፪. ራስጌ የተባለው ምንድን ነው?

በ1969 እ.ኤ.አ. በቤል ላብራቶሪዎች ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስን ጀመሩ። ሪቺ የሲ ቋንቋን ካበጀ በኋላ በ1973 እ.ኤ.አ. የዩኒክስ ፍሬ ሥርዓት በዚሁ ቋንቋ እንደገና ተጻፈ። አንድን ፋይል በሌላ ፋይል ውስጥ የማስገባት ዘዴ ወደ ሲ የገባው በ1972ና በ1973 እ.ኤ.አ. ገደማ ሲሆን፥ ለዚህም የአለን ስናይደር ግፊት እንደ ነበረበት ሪቺ ራሱ ጽፏል። የሚገባው ፋይል በጽሑፉ አናት ላይ ስለሚጠራ «ሄደር» ተባለ። እንግዲህ ስሙ ቦታውን እንጂ ተግባሩን አይናገርም።

በአማርኛም «ራስጌ» የመኝታ ራስ በኩል ነው፤ ተቃራኒው ግርጌ ነው። በአማርኛ በተሰናዱ የጽሑፍ ማቀነባበሪያዎች ሁለቱ ቃላት ለገጽ አናትና ለገጽ እግር ገብተዋል። ቃሉ ተለምዷልና አንነቅለውም፤ ነገር ግን ተማሪው ራስጌን እንደ መጽሐፍ አርእስት እንዳያየው ተግባሩን መግለጥ ግዴታችን ነው።

ራስጌ ፋይል በአብዛኛው የሥራውን አካል አይዝም። የሚይዘው የተግባሮችን ስም፥ ምን ተቀብለው ምን እንደሚመልሱ፥ መረጃ በማኅደረ ትውስታ የሚደረደርበትን ቅርጽና የተወሰኑ ቁጥሮችን ነው። ባጭሩ ውል ነው። ለዚህ ከድጓ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (1540–1559 እ.ኤ.አ.) በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተደራጁ የሚነገርላቸው የዜማ ምልክቶች ከቃላት የተወሰዱ አጫጭር ፊደሎች ናቸው። ምልክቱ ዜማውን ይጠራል እንጂ ዜማውን አይዝም፤ ዜማው ያለው በመሪጌታው ቃል ነው። አንድ ዓይነት ምልክት እያዩ የቤተ ልሔሙና የመንዝ ጎረቤት የሆነው የተጉለቱ ዜማ ባለቤቶች በአዜማመም ሊለያዩ ይችላሉ። ምልክቱን ያየ ሁሉ ዜማውን አገኘ እንደማይባል፥ ራስጌውን የያዘ ሁሉ ፍሬ ሥርዓቱን ያዘ አይባልም፤ ራስጌውና አካሉ ከአንድ ቤት መውጣት አለባቸው።

፫. ሁለቱ ራስጌዎች

ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን በመስከረም 1991 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ጠቅላላው ምንጭ ኮድ 10,000 መስመር ያህል ብቻ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተጠቃሚ ሶፍትዌር የሚጠቀምበት የራስጌ ማኅደር በቀጥታ ወደ ፍሬ ሥርዓቱ ምንጭ ኮድ እንዲያመለክት ይደረግ ነበር። በዚህ ምክንያት አዲስ ፍሬ ሥርዓት ያመጣ ሰው ሳያስበው የሌላውን ሶፍትዌር ሁሉ ውል ይለውጥ ነበር። ቶርቫልድስ ይህን ልማድ በ2000 እ.ኤ.አ. በግልጽ ነቀፈ። በ2006 እ.ኤ.አ. በ2.6.18ኛው እትም ለውጭ የሚሰጡትን ራስጌዎች አጥርቶ የሚያወጣ ትእዛዝ ተጨመረ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. በ3.7ኛው እትም ደግሞ የውጩ ራስጌ ከውስጡ ተለይቶ በራሱ ማኅደር ተቀመጠ።

ልዩነቱ መሠረታዊ ነው። የውጭ ራስጌ ፍሬ ሥርዓቱ ለተጠቃሚ ሶፍትዌር የገባው ቃል ኪዳን ነው፤ ይጨመርበታል እንጂ አይፈርስም። ስለዚህ የሲ ቋንቋ ላይብረሪ በቀደመ ራስጌ ቢጠናቀርም በአዲሱ ፍሬ ሥርዓት ላይ ይሠራል። የራሱን ፍሬ ሥርዓት የሚያጠናቅር ሰውም ከላይብረሪው ጋር የመጡትን ራስጌዎች መለወጥ የለበትም።

የውስጥ ራስጌ ግን እንደ እትሙ ይለዋወጣል። ሞጁል የተባለውን ተቀጥላ ክፍል ለብቻው የሚሠራ ሰው የሚያስፈልገው ይህ ነው። የእትም ቁጥር መግጠሙ ብቻ እንኳ አይበቃም። አጠናቃሪው ከመጀመሩ በፊት የተመረጡት አማራጮች በአንድ ራስጌ ፋይል ይመዘገባሉ፤ አንድ አማራጭ ሲበራ በአንድ መዋቅር ላይ አዲስ መስክ ሊጨመርና የቀሩት መስኮች ሁሉ ከቦታቸው ሊሸሹ ይችላሉ። ፍሬ ሥርዓቱ ይህን ለመከላከል እያንዳንዱ ሞጁል የእትሙንና የዋና ዋና አማራጮችን ማኅተም እንዲይዝ ያደርጋል፤ ማኅተሙ ካልገጠመ ሞጁሉን አይቀበልም። ማኅተሙን በግድ የሚያሳልፍ ሰው ሞጁሉ ማንበብ የሚገባውን ሳይሆን ጎረቤቱን መስክ ሲያነብና ሲጽፍ ያገኘዋል፤ ማሽኑም ይቆማል ወይም መረጃ ይበላሻል። መፍትሔው አጭር ነው፦ ሞጁሉ በዚያው በተጠናቀረው ፍሬ ሥርዓት፥ በዚያው የአማራጭ መዝገብ በተገኙ ራስጌዎች ይጠናቀር።

፬. ራስጌውና ፊደላችን

ይህ ጉዳይ ከፊደላችን የራቀ የሚመስለው ካለ አንዲት ቁጥር እናሳየው። ከሊኑክስ የውጭ ራስጌዎች በአንደኛው ላይ የአንድ ፋይል ስም ርዝመት 255 ባይት ተብሎ ተወስኗል። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በ345 ምልክቶች ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ የተሰጡት ቁጥሮች ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይፈጃሉ። «መንዝ» የሚለው ስም 9 ባይት ነው ማለት ነው። በላቲን ፊደል ስም የሚያወጣ ሰው 255 ሆሄ ሲፈቀድለት በግእዝ ፊደል የሚያወጣው 85 ብቻ ይደርሰዋል። የሊኑክስ የጽሑፍ ሰሌዳም በአንድ ጊዜ ከ512 የማይበልጥ የሆሄ ቅርጽ ይይዛል፤ ጎሃ የተባለው የፊደል ቅርጽ ለዚህ ሰሌዳ የተዘጋጀው በዚህ ጠባብ ገደብ ውስጥ ነው። ውሉን ማንበብ የማይችል የቋንቋ ባለሙያ የቋንቋው ድርሻ ስንት እንደ ሆነ አያውቅም።

፭. መደምደሚያ

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች ለከርነል «ፍሬ ሥርዓት»፥ ለሼል «ቅርፊት»፥ ለሄደር «ራስጌ» የሚሉትን እናቀርባለን፤ ራስጌውም «የውስጥ ራስጌ» እና «የውጭ ራስጌ» ተብሎ ይለይ እንላለን። «የከርነል ሄደር» ብቻ ብሎ መተው ሁለቱን ውሎች ማምታታት ነው።

የግእዙ መዝገበ ቃላት ከመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ወደ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ፥ ከእሳቸውም ወደ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ተላልፎ በ1948 ዓ.ም. ታተመ። ሥራው ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ያልጠፋው ተከታዩ የቀዳሚውን መሠረት ስላልናደ ነው። የቃላት አውጪም ሥራ እንደ ውጭ ራስጌ ነው፤ ቃል ከታተመና ተማሪ ከያዘው በኋላ ይጨመርበታል፥ ይብራራል፥ እንጂ በየእትሙ አይለወጥም። «ራስጌ» ፍጹም ባይሆንም ያጸናነው በዚህ ምክንያት ነው፤ «ፍሬ ሥርዓት»ንም ከመጽናቱ በፊት አንባቢዎቻችን እንዲፈትጉልን እናቀርባለን።