ከኩሽኔታ እስከ ላፍቶ ኮንክሪት

ባሌ ውስጥ ከጎባ ተነስቶ የሳነቴን አምባ የሚያቋርጠው የጠጠር መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ቁልቁል ወደ ሪራና ወደ ሐረና ደን ይወርዳል። ቁልቁለት ለሚወድ ልጅ ከዚህ የተሻለ አገር የለም። ግን ጠጠር ላይ ስኬትቦርድ አይሄድም፤ በዚህ ዳገት የሚያዋጣው ፈረስ ነው። ከሪራ ሆኖ የስኬትቦርድን ታሪክ ያሰበ ሰው፣ ነገሩ ሁሉ የጎማና የመሬት ጉዳይ መሆኑ ቶሎ ይገባዋል።

ጨዋታው የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። ማዕበል ላይ መንሸራተት የለመዱ ወጣቶች ባሕሩ ጸጥ ሲልባቸው የሮለር ስኬት ብረት ጎማ ሳንቃ ሥር ቸነከሩ። ቀጥሎ የመጣው የሸክላ ጎማ ለስለስ ቢልም ጠጠር ሲያገኘው ቀጥ ይላል፤ ልጁ ግን አይቆምም፣ በግንባሩ ይደፋል። በ1965 ገበያው የሞተው አንድም በዚህ ጉዳት ነው።

ከሞት ያስነሳው ፍራንክ ናስወርዚ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዩሬቴን ከሚባል ላስቲክ መሰል ፕላስቲክ የተሠራ ጎማ ለገበያ አቀረበ፤ መሬት ቆንጥጦ የሚይዝ፣ ትናንሽ ጠጠር የማያስቆመው። ብዙም ሳይቆይ የታሸገ ኩሽኔታ ታከለበት። አለን ጌልፋንድ ሳንቃውን በእጁ ሳይነካ ዘሎ ያስደነቀው፣ በ1999 ቶኒ ሃውክ አየር ላይ ሁለት ዙር ተኩል የዞረው፣ በ2021 ጨዋታው ቶኪዮ ኦሊምፒክ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ከዝላዮቹ ሁሉ ጎማውን አስበልጣለሁ።

የእኛ ልጆች ኩሽኔታን ያለ ስኬትቦርድም ያውቁታል። ጋራዥ የጣለውን ለቅመው የእንጨት ዘንግ ጫፍ ላይ ይሰኩትና ሳንቃ ይጭኑበታል። ብረቱ ራሱ ጎማ ሆኖ አስፋልቱን እየፋቀ ሲወርድ ጩኸቱ ከሩቅ ይሰማል። የካሊፎርኒያዎቹን ብልሃት ማንም ሳያስተምራቸው ደርሰውበታል።

የጎደለው መሬቱ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ስኬት የተባለው የወጣቶች ስብስብ በአስፋልት ከመኪና ጋር እየተጋፋ ቆይቶ፣ በ2008 ዓ.ም. ከውጭ ከመጡ በጎ ፈቃደኞች ጋር ላፍቶ ሰፈር ውስጥ የኮንክሪት የስኬት ሜዳ ሠራ። በኋላም ሴቶቹ ኢትዮጵያን ገርል ስኬተርስ ብለው የራሳቸውን ቡድን አቆሙ።

የሮቤና የጎባ ልጆች ያላቸው ለስላሳ መሬት ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው አስፋልት ነው፤ እሱም የአይሱዙና የባጃጅ ነው። ላፍቶ የጠየቀው ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ብረትና ኮንክሪቱን በእጁ የሚያለሰልስ ሰው ነበር። ባሌም ይህ አይጠፋም፤ ለመነሻ የመረብ ኳስ ሜዳ የሚያክል ቦታ ይበቃል።