ጥናትና ጓደኛ፦ ከጉባኤ ቤት እስከ ለንደን

ማኅበራችን አሥረኛ ዓመቱን ለማክበር በበቃበት በዚህ ወቅት፣ በየስብሰባችን ማብቂያ ሻይ ሲቀዳ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። በዚህ አገር አጠራር 11ኛና 13ኛ ዓመት ላይ የደረሱ ልጆቻችን፣ ይኸውም የጂሲኤስኢና የኤ ሌቭል ተፈታኞች፣ በፈተናው ዓመት ከሰው ይቀላቀሉ ወይስ በራቸውን ዘግተው ያጥኑ የሚለው ነው። ከወላጆች መካከል ከጥምቀት ጀምሮ እስከ ሰኔ ልጃቸውን ሠርግ የማያመጡ፣ ኳስ የሚያስቆሙ፣ ስልክ የሚቀሙ አሉ። እንዲህ ከሆነ ልጁ በሽተኛ ይሆናል፣ ሰውም ይፈራል ብለው የሚቃወሙም አሉ። የሚያስገርመው ግን ሁለቱም ወገኖች ነገራቸውን የሚጀምሩት «በእኛ ጊዜ» ብለው መሆኑ ነው። እንግዲህ «በእኛ ጊዜ» የሚባለው ነገር በእርግጥ እንዴት ያለ እንደ ነበር ብንመለከት አይከፋም። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከዘመናዊው ትምህርት በፊት ከባድ ትምህርት ማለት የጉባኤ ቤት ትምህርት ነበር፤ ዛሬም በብዙ አድባራትና ገዳማት ይሰጣል። ልጁ ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ድጓ ሊማር ወደ ቤተልሔም፣ ቅኔ ሊማር ወደ ዋሸራ ይሄዳል። ስለ ቆሎ ተማሪ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሣው ረሀቡና የመንደሩ ውሻ ነው። ነገር ግን ያ ልጅ ብቸኛ አልነበረም። ጎጆውን የሚቀልሰው ከባልንጀሮቹ ጋር ነው፤ ለምኖ ያመጣውን የሚቀምሰው ከእነርሱ ጋር ነው፤ የኔታ ለበላዮቹ ያስተማሩትን እርሱ የሚቀበለው ከበላዮቹ ነው፣ እርሱም በተራው ለታናናሾቹ ይነግራል። እርግጥ ነው፣ ቅኔ የሚቆጥር ተማሪ ብቻውን ዱር ይገባል። ሆኖም የቆጠረውን ይዞ ሲመለስ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ነው የሚናገረው፤ ቃሉ ቢሰበር፣ ምሥጢሩ ቢጎድል የሚስቁበትም የሚያርሙትም እነዚሁ ናቸው። ብቻ መሆንና አብሮ መሆን በአንድ ቀን ውስጥ ተራ ተራቸውን ይይዙ ነበር። ይህን ነገር ልብ እንበለው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ዘመናዊው ትምህርት ቤትም ሲመጣ ይህ ጠባይ ወዲያው አልጠፋም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1908፣ ተፈሪ መኮንን በ1925፣ የልጃገረዶቹ እቴጌ መነን በ1931 ተከፈቱ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1943፣ ጄኔራል ዊንጌት ደግሞ በ1946 ተቋቋሙ። ዊንጌት በ1941 ከአርበኞች ጋር በዘመተው በእንግሊዛዊው መኮንን በኦርድ ዊንጌት ስም የተሰየመ፣ በብሪቲሽ ካውንስል ድጋፍና በእንግሊዛውያን መምህራን የቆመ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። ተማሪዎቹም ከአገሪቱ መልቀቂያ ፈተና ጎን ለጎን የለንደኑን ጂሲኢ ይፈተኑ ነበር። ስለዚህ እኛ ወደ ለንደን ከመምጣታችን ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ የለንደን ፈተና ወደ እኛ አገር መጥቶ እንደ ነበር ለልጆቻችን ብንነግራቸው ደስ ይላቸዋል። በ1960ዎቹ ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረው የልዑል በዕደ ማርያም ትምህርት ቤት 11ኛ ክፍልን በብልጫ የጨረሱ ልጆችን ከየጠቅላይ ግዛቱ እየሰበሰበ 12ኛን በአዳሪነት ያስተምር ነበር።

አዳሪ ትምህርት ቤት ለዛሬው ክርክራችን መልሱን በደወል ነበር የሰጠው። የጥናት ደወል አለ፣ የእራት ደወል አለ፣ የኳስ ሰዓት አለ፣ የክርክር ክበብ አለ። ከሐረርጌ የመጣው ከጎጃም ከመጣው ጋር አንድ ክፍል ያድራል፤ የሒሳብ ጥያቄውም ወሬውም በዚያው አልጋ ላይ ነው። በጎ ጎኑን ብቻ ማውራት ግን ተገቢ አይሆንም። ዕድሉ የጥቂቶች ነበር፤ ልጁም ከእናቱ ቤት ተነቅሎ ለዓመታት እንግዳ ይሆናል። መንግሥትም ያልጠበቀው ነገር ተከተለ። አብረው ሲያጠኑና ሲከራከሩ ያደጉ ወጣቶች ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1965 «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ፤ በታኅሣሥ 1969 የተማሪዎቹ መሪ ጥላሁን ግዛው ተገደለ። በ1974 መጨረሻ በታወጀው የዕድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ዩኒቨርሲቲውና የሁለተኛ ደረጃ ከፍተኛ ክፍሎች ተዘግተው 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። በ1977 እና በ1978 በቀይ ሽብር ዘመን ደግሞ ወጣቶች ተሰብስበው መታየታቸው ራሱ የሚያስጠረጥር ሆነ። ልጅን ከቤት አላስወጣም የሚሉ አንዳንድ ትልልቅ ወላጆቻችን ፍርሃታቸው ከፈተና ብቻ የመጣ አለመሆኑን መርሳት አይገባም።

እኛ በ1990ዎቹ ማትሪክ የተፈተንነው የደረስንበት ሁኔታ ሌላ ነበር። አዳሪነቱ ለአብዛኛው ተማሪ ቀርቶ ትምህርት በፈረቃ ሆኖ ነበር፤ ጠዋት የተማረ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነው፣ ከሰዓት የሚማር ጠዋት ነፃ ነው። ክፍሉ በተማሪ የተጨናነቀ፣ መጽሐፉ ለብዙ ሰው አንድ ነው። ከመጽሐፉ እጥረት የተነሣ ሳንወድ በግድ አብረን አጠናን ማለት ይቻላል። አንዱ ፊዚክስ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ኬሚስትሪ፤ ያለፉት ዓመታት የማትሪክ ጥያቄዎች ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ ይነበባሉ። ወመዘክር ቦታ ለመያዝ በጠዋት መሰለፍ ነበር፤ ፒያሳ የብሪቲሽ ካውንስል ቤተ መጻሕፍት ነበረ፤ እርሱም ሲሞላ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ነው። መብራት ሲጠፋ በአንዱ ቤት ሻማ አራት ሰው ያጠናል። አራቱን ነጥብ ማምጣት የሁሉም ምኞት ነበር፤ ከአራቱ አንዱ ያልገባው ነገር ሲኖር ግን ሌሎቹ ካላስረዱት ሻማው ለእነርሱም አያበራላቸውም ነበር፣ ምክንያቱም ዝም ብሎ ሲጠይቅ ያመሻልና።

ይሁንና «ጥናት ሄድኩ» የምትለዋ ቃል ምን ያህል ነገር ትሸከም እንደ ነበር የምናውቀው እኛው ነን። ጆተኒ ቤትም ጥናት ነበር፣ ቪዲዮ ቤትም ጥናት ነበር። በየሰፈሩ ሁለት ሰዓት ሒሳብ ሠርቶ ሦስት ሰዓት ስለ አርሰናል የሚያወራ ቡድን አይጠፋም ነበር። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ነገር ግን እህቶቻችን ናቸው። ፈረቃው ሲያልቅ ወንዱ ወደ ወመዘክር፣ ሴቷ ወደ ማዕድ ቤት ነበር የምትሄደው። በምሽት ከቤት ወጥታ ከጓደኞቿ ጋር የምታጠና ልጅ ብዙ ይወራባታል። ስለዚህ «በእኛ ጊዜ አብረን ነበር የምናጠናው» ስንል «እኛ» ያልነው ማንን እንደ ሆነ ብንጠይቅ ጥሩ ነው። ዛሬ ለንደን ውስጥም ወንድ ልጁን ወደ ማኅበሩ ልኮ ሴት ልጁን የሚያስቀር አባት አላጣንም።

አብሮ ማጥናት ወሬ ነው ለሚሉ ወገኖች ከሌላ አገር አንድ ነገር እንጨምር። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሊ፣ ዩሪ ትራይዝማን የተባለ የሒሳብ ሰው በ1970ዎቹ አንድ ነገር አሳሰበው። ጎበዝ የነበሩ ጥቁር ተማሪዎች ካልኩለስ ላይ ሲደርሱ ይወድቃሉ፤ ቻይናውያኑ አሜሪካውያን ግን ያልፋሉ። መምህራኑ ምክንያቱ ስንፍና፣ ወይም ድህነት፣ ወይም የወላጅ ቸልተኝነት ይሆናል ብለው ነበር። እርሱ ግን ከሁለቱ ወገን 20፣ 20 ተማሪዎችን መርጦ እንዴት እንደሚያጠኑ ተከታትሎ አየ። ጥቁሮቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ በርትተው ያጠናሉ፣ ነገር ግን ከ20ዎቹ 18ቱ ከክፍል ጓደኛ ጋር አጥንተው አያውቁም ነበር። ጓደኛ ሌላ፣ ትምህርት ሌላ አድርገው ለይተውታል። ቻይናውያኑ በበኩላቸው አብረው ይበላሉ፣ በዚያው ማዕድ ላይ የቤት ሥራቸውን ይተያያሉ፣ አንዱ የሳተውን ሌላው ያርመዋል። ትራይዝማንም ከባድ ጥያቄዎችን በቡድን የሚሠሩበት ጉባኤ አቋቋመ፤ በዚያ የገቡት ጥቁር ተማሪዎች ውጤታቸው እጅግ ተሻሻለ። ዋሸራ ያሉ የኔታ ይህን ቢሰሙ ምኑ ነው አዲሱ ማለታቸው አይቀርም።

ሩቅ ሳንሄድም እዚሁ በእኛ ሥራ ያለ ነገር ነው። ጥቁሩን የለንደን ታክሲ ለመንዳት የሚፈለገው «ኖውሌጅ» የተባለው ፈተና ከ1865 ጀምሮ አለ። ከቼሪንግ ክሮስ ዙሪያ በ6 ማይል ውስጥ ያሉ 25 ሺህ ያህል ጎዳናዎችንና 320 መስመሮችን በቃል መያዝ ይጠይቃል፤ ሦስት አራት ዓመት የሚፈጅ ነው። ተማሪው ቀን ብቻውን በሞተር ብስክሌት ጎዳናውን ይዞራል፤ ማታ ግን ከአንድ ባልደረባው ጋር ተቀምጦ መስመሩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠራል፣ ያም ሲሳሳት ያቆመዋል። ይህንንም «ኮል ኦቨር» ይሉታል። ቀን ዱር ገብቶ ቅኔ መቁጠር፣ ማታ በሰው ፊት መናገር ማለት ነው። ብቻውን አጥንቶ ባጁን ያገኘ ሹፌር የለም አንልም፣ ነገር ግን ያገኙትን ብትጠይቁ አብዛኞቹ የባልደረባቸውን ስም ይነግሯችኋል።

ወደ ልጆቻችን እንመለስ። ጂሲኤስኢ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ1988 ነው፤ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ውጤቱ በፊደል መሆኑ ቀርቶ ከ9 እስከ 1 በቁጥር መሰጠት ተጀመረ። ኤ ሌቭልም ከ2015 ወዲህ በእንግሊዝ ግዛት በየመንፈቁ በቁራጭ መፈተኑ ቀርቶ የሁለት ዓመቱ ሁሉ በመጨረሻው ግንቦትና ሰኔ ላይ ተከማችቷል። በሌላ አነጋገር እንግሊዞች ወደ ማትሪክ ተመልሰዋል። የልጆቻችን ጭንቀት ቅብጠት እንዳይመስለን። በአገር ቤትም ቢሆን ፈተናው አልቀለለም፤ በ2022 የ12ኛ ክፍል ፈተና ተማሪዎቹ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው እያደሩ ሲፈተኑ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ።

ልዩነቱ ያለው በዙሪያቸው ባለው ነገር ነው። እኛን መጽሐፍ ማጣት፣ መብራት መጥፋት፣ የቤት መጥበብ አንድ ላይ ገፋን። የለንደን ልጅ ግን የራሱ መጽሐፍ፣ የራሱ ኮምፒዩተር፣ ከታደለም የራሱ ክፍል አለው፤ አብሮት የሚማረው ልጅ ደግሞ ሁለት አውቶቡስ ተይዞ የሚደረስበት ሰፈር ነው የሚኖረው። አባት ሌሊት ይነዳል፣ እናት ሆስፒታል ወይም ሆቴል ተረኛ ናት። ያንን ልጅ ቤት አስቀምጦ «አጥና» ማለት ከጓደኛው ብቻ ሳይሆን ከጥናቱም ግማሽ መለየት ነው። በስልክ እንገናኛለን ይላሉ፤ እውነት ነው፣ በዋትስአፕ ጥያቄ ፎቶ አንሥተው ይላላካሉ። ሆኖም መልስ መላክና ጓደኛ እስኪገባው ድረስ ማስረዳት አንድ አይደለም።

ይህን ሁሉ የምናነሣው በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የሚወሰን ነገር ስላለ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አዳራሻችን ውስጥ የሚደረገው የልጆች ጥናት እንዲቋረጥና ምሽቶቹ ለኪራይ እንዲሰጡ ሐሳብ ቀርቧል። የኪራዩ ገንዘብ እንደሚያስፈልግ አንክድም፤ የማሞቂያውን ሒሳብ የምናውቀው ነው። በእኛ በኩል የምንለው ቅዳሜና እሑድ ለክርስትናና ለሠርግ ይከራይ፣ ሁለቱ ምሽቶች ግን ቢያንስ ከጥር እስከ ሰኔ ለልጆቹ ይቆዩ ነው። ሴቶቹ ልጆች ማታ ወደ ቤት የሚመለሱበት ጉዳይ አሳሳቢ ከሆነ፣ ከእኛ ከሹፌሮቹ አሥራ አንድ ሰዎች በየተራ ለማድረስ ስማችንን ጽፈን ለጸሐፊው ሰጥተናል። የቀረው የእራቱ ነገር ነው። እስካሁን ሽሮውን በፈቃዳቸው የሚሠሩት ሁለት እናቶች ብቻ ናቸው፤ ልጆቹ ደግሞ በልተው የሚጠግቡ አይደሉም። ሦስተኛና አራተኛ ሰው ብናገኝ ለእያንዳንዱ በወር ሁለት ምሽት ብቻ ይደርሰዋል። ዝርዝሩ አዳራሹ በር ላይ ተለጥፏል።