በአዘዞ ያረፉት ንጉሥ፤ ስለ ሃይማኖትና ስለ መንግሥት የተሰጠ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው ብዙ ሳይርቅ አዘዞን ያገኛል። መንገደኛው የሚያየው የአውሮፕላኑን ማረፊያ፥ ገበያውንና የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ደብር ነው። በዚህ አፈር ውስጥ አንድ ታላቅ ንጉሥ እንዳረፉ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። እኒያ ንጉሥ ዐፄ ሱስንዮስ ናቸው። የዛሬው ትምህርታችን፥ ክርስትና በመንግሥትና በሕዝብ ኑሮ ላይ ምን በጎ ነገር ሠራች፤ በምንስ ተሰናከለች የሚል ነው። ለዚህ ነገር ከአዘዞ የተሻለ ምስክር ስለሌለ ወደ እርስዋ እንመለሳለን።

አስቀድመን ግን ሥሩን እንመልከት። በአራተኛው መቶ ዓመት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የክርስቶስን ወንጌል ለአክሱም ቤተ መንግሥት አስተማሩ። ንጉሡ ዒዛናም አመኑ። ቀድሞ በገንዘባቸው ላይ የፀሐይና የጨረቃ ምልክት ይቀረጽ ነበር፤ ካመኑ በኋላ ግን መስቀል ተቀረጸበት። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ በድንጋይ ላይ ያስጻፉት ቃል ነው። ድል የሰጣቸውን የሰማይ አምላክ አመስግነው፥ ሕዝቡን በጽድቅና በፍርድ እንዲገዙ፥ እንዳይበድሉም ቃል ገቡ። በገንዘብ ላይ መስቀል ማስቀረጽ ለማንኛውም ንጉሥ ቀላል ነው፤ ሕዝብን አልበድልም ብሎ በድንጋይ ላይ ማስጻፍ ግን ራስን ለፍርድ አሳልፎ መስጠት ነው። ክርስትና ወደ መንግሥታችን የገባችው በዚህ በር ነው፤ ለንጉሡ ከበላዩ ሌላ ንጉሥ እንዳለ በመንገር።

ይህን ነገር ዝም ብለው ያልተቀበሉ ነገሥታት ሲነሡ፥ ዝም ብለው ያላለፉ አባቶችም ተነሥተዋል። ከ1306 እስከ 1336 ዓ.ም. በነገሡት በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን፥ ንጉሡ የጋብቻን ሕግ ስለ ጣሱ መነኰሳት ገሠጿቸው። ከእነርሱም መካከል አቡነ አኖሬዎስ ተገረፉ፤ የደብረ ሊባኖሱ አቡነ ፊልጶስም ተሰደዱ። አባቶች ጦር አላነሡም፤ ሕዝብን ለዐመፅ አልቀሰቀሱም፤ እውነቱን ተናግረው መከራውን ተቀበሉ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም ንግሥቲቱን አውዶክስያን ስለ መበለቲቱ ርስት በገሠጸ ጊዜ ያገኘው ዋጋ ስደት እንደ ነበረ ከስንክሳሩ የሰማችሁት ነው።

እንግዲህ ወደ አዘዞ እንመለስ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1599 ዓ.ም. መንግሥቱን ያዙ፤ በ1600 ዓ.ም. በአክሱም ዘውድ ጫኑ። ጀግና ነበሩ፤ ብዙ ዘመንም በጦር ሜዳ ኖረዋል። ነገር ግን ዙፋናቸው በዐመፅ ይናወጥ ነበርና ከባሕር ማዶ ኀይልን ተመኙ። በዚያን ጊዜ አባ ጴጥሮስ ፓኤዝ የሚባሉ የኢየሱሳውያን መምህር በቤተ መንግሥቱ ነበሩ። እኒህ ሰው ትሑትና ብልኅ፥ ግእዝንና አማርኛንም የተማሩ ስለ ነበሩ የንጉሡን ልብ ሳቡ። ገና በ1609 ዓ.ም. ስለ ሃይማኖት በተነሣው ጦርነት ጳጳሱ አቡነ ስምዖን በጦር ሜዳ ተገደሉ። በ1614 ዓ.ም. ንጉሡ የሮማን ሃይማኖት መቀበላቸውን በግልጥ አስታወቁ። በ1618 ዓ.ም. ደግሞ ከሮማ በተላኩት በፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ለሮማው ፓፓ ለመታዘዝ ማሉ፤ መኳንንቱንም አስማሉ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አስተውሉ። የተጠመቀው ሕዝብ እንደ ገና እንዲጠመቅ፥ ክህነት ያለው ካህን እንደ ገና ክህነት እንዲቀበል፥ የተባረከው ታቦት እንዳልተባረከ እንዲቈጠር ታዘዘ። ሰንበተ አይሁድን ማክበር ተከለከለ፤ የጾሙና የበዓሉ ሥርዐት ተለወጠ። ገበሬው የአባቱን ጾም ሲጾም የንጉሥ ጠላት ሆነ። ዐዋጅ ወደ ነፍስ ውስጥ ሊገባ ሞከረ፤ ነፍስም በሯን ዘጋች። በላስታ መልክአ ክርስቶስ ተነሣ፤ ገበሬውም ማጭዱንና ዱላውን ይዞ ተከተለው። በ1624 ዓ.ም. ሁለቱ ወገኖች በወይና ደጋ ተጋጠሙ፤ ንጉሡም ድል አደረጉ። በዚያ ቀን የሞተው ሰው እስከ 8000 እንደሚደርስ ተነግሯል።

መኳንንቱ ግን ንጉሡን በሬሳው መካከል እየመሩ፥ ይህ የወደቀው ሁሉ አረማዊ ወይም ባዕድ ሳይሆን የገዛ ወገናችን፥ የተጠመቀ ክርስቲያን ነው ብለው አመለከቷቸው ተብሎ ይተረካል። ድል ያደረገ ንጉሥ በድሉ አልቅሶ ተመለሰ። በዚያው በሰኔ ወር ዐፄ ሱስንዮስ የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ፥ ሕዝቡም በፈቀደው እንዲያድር ዐወጁ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። ጥቂት ወራት ቈይተው በ1625 ዓ.ም. መባቻ ዐረፉ፤ ራሳቸው ባሠሩት በአዘዞ ገነተ ኢየሱስም ተቀበሩ።

ምእመናን ሆይ፤ በሽንፈት የተዋረደ ንጉሥ ዐዋጁን ቢሽር ምን ይደንቃል? ድል አድርጎ ሳለ መሻሩ ግን ያስደንቃል። እኛ የእርሳቸውን መንገድ አንቀበልም፤ የመጨረሻውን ዐዋጃቸውን ግን እናከብራለን። ያ ዐዋጅ ሰይፍ ሥጋን እንጂ እምነትን እንደማያሸንፍ ንጉሥ ራሱ የመሰከረበት ነውና።

ታሪክን በእውነት የሚናገር ካህን ግን የሌላውን ጥፋት ቈጥሮ የራሱን ወገን ጥፋት አይሸሽግም። ዐፄ ፋሲለደስ የአባቶችን ሃይማኖት አጸኑ፤ ኢየሱሳውያንን ከሀገር አስወጡ፤ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቈረቈሩ። ነገር ግን የሮማን እምነት የያዙ ኢትዮጵያውያን ተሳደዱ፤ አንዳንዶችም ተገደሉ። በ1630 ዓ.ም. አጋታንጅና ካስያን የሚባሉ ሁለት የፈረንጅ መነኰሳት በጎንደር ተሰቀሉ። በ1660ዎቹ ዓመታት በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ትእዛዝ እስላሙና ቤተ እስራኤሉ ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲቀመጡ ተደረገ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላም ብዙ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ ተገደዱ። ትናንት በእኛ ላይ በደረሰ ጊዜ ግፍ ያልነውን በሌላው ላይ ስናደርገው ጽድቅ ልንለው አይገባንም።

በአንጻሩ ደግሞ ሃይማኖት ሰይፍ ሳትይዝ የሠራችውን ሥራ እንመልከት። ከሱስንዮስ በኋላ አዘዞ የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት ማረፊያ ሆነች፤ ደብርዋም በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ስም ተጠራች። ቀድሞ ነገሥታትን የገሠጹት የነአቡነ ፊልጶስ ልጆች የቤተ መንግሥት ጎረቤቶች ሆኑ ማለት ነው። ይህ ጎረቤትነት ፈተናም ነበረበት፤ ከንጉሥ ማዕድ የሚበላ አፍ ንጉሥን ለመገሠጽ ይከብደዋልና። ቢሆንም በጎንደር ከተማ የእጨጌው ሰፈር፥ እጨጌ ቤት የሚባለው፥ የመማጸኛ ስፍራ ነበረ። ደም ያለበት፥ ዕዳ ያስጨነቀው፥ ከመኳንንት ቍጣ የሸሸ ሰው ከዚያ ቢገባ በጒልበት ጐትቶ የሚያወጣው አልነበረም። ሰፈሩን የጠበቀው የእግዚአብሔር ፍርሃት እንጂ ዘብ አልነበረም። ፍትሐ ነገሥቱም እንዲሁ ነው። ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሶ፥ በመጻሕፍት ቤት እየተተረጐመ፥ ዳኛው በወንበር ሲቀመጥ ፊት አይቶ እንዳያደላ፥ መማለጃም እንዳይበላ አስተማረ። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሳይቀር መሠረቱን ከዚህ መጽሐፍ ወስዷል።

ከዚያ ወዲህ ዘመኑ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። በ1948 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ቤተ ክርስቲያናችንን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ንጉሠ ነገሥቱ ይህን እምነት እንዲይዙ አዝዞ ነበር። ሃያ ዓመት ሳይሞላው፥ በ1967 ዓ.ም.፥ ዙፋኑ ወደቀ፤ የቤተ ክርስቲያኒቱም መሬት ተወሰደ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ታስረው በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ደግሞ በ11ኛው አንቀጹ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፥ አንዱም በሌላው ጕዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ደነገገ።

ይህን ሲያዩ፥ ከእንግዲህ ክርስትና በሀገር አስተዳደር ላይ ምን ኀይል ቀራት? ብለው የሚያዝኑ አሉ። እኔ ግን ኀይልዋ የቀረው በመጀመሪያ በነበረበት ቦታ ነው እላለሁ። አባ ሰላማ ወደ አክሱም ሲመጡ ጕልትም፥ ሠራዊትም አልነበራቸውም። ጌታችንም በጲላጦስ ፊት ቆሞ መንግሥቱ ከዚህ ዓለም እንዳልሆነች መሰከረ እንጂ የጲላጦስን ወንበር አልጠየቀም።

ስለዚህ፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ዛሬ ክርስትና ወደ አደባባይ የምትወጣው በእናንተ እጅ ነው። በፍርድ ቤት የምትቀመጥ ዳኛ፥ የመበለቲቱን መዝገብ ነገ ተመለሺ እያልህ አታሰንብት። በጽሕፈት ቤት የምትሠራ ጸሐፊ፥ የድኻውን ማመልከቻ መማለጃ ስላላየህበት ከሥር አትቅበረው። የመንግሥትን ግብር የምትሰበስብ፥ ከተጻፈው በላይ አትጠይቅ። መሣሪያ የያዝህ ልጄ ሆይ፥ ከፊትህ የቆመው ሰው የገዛ ወንድምህ መሆኑን ሳትመለከት አትተኵስ፤ የወይና ደጋው ሬሳ ማን እንደ ነበረ አስብ። እኛም ካህናት ባለ ሥልጣን ሲመጣ አመስግነን፥ ሲሄድ ረግመን የምንኖር አንሁን፤ በቆመበት ጊዜ እውነቱን በትሕትና እንንገረው። ጎረቤትህ እስላም ቢሆን ወይም ሌላ እምነት ቢኖረው፥ የአንተን ክርስቲያንነት የሚያውቀው ከማዕተብህ ይልቅ ከሚዛንህ ነው።

በአዘዞ መንገድ ስታልፉ ያን ንጉሥ አስቡ። በሕይወታቸው ሳሉ እምነትን በዐዋጅ ሊተክሉ ደከሙ፤ በመጨረሻ ግን ልብን የሚከፍት እግዚአብሔር ብቻ መሆኑን ዐውቀው መንገዱን ለቀቁ። እኛም ሰይፉን ለባለቤቱ ትተን፥ መስቀሉን ይዘን በቅን ፍርድ እንድንኖር እግዚአብሔር ይርዳን። ለሀገራችን ሰላምን፥ ለሚገዙን ማስተዋልን፥ ለሕዝቡ ፍቅርን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።