ኩፖኑና ከብቱ፦ ቦረና ኢንሹራንስ በቅናሽ ሲያገኝ

«በነጻ የተገኘ ነገር አይከበርም» ይባላል። እስቲ ይህችን አባባል ይዘን ወደ ደቡብ እንውረድ፤ ወደ ነገሌ፣ ያቤሎና ሞያሌ።

ቦረና ኢንሹራንስን ከከተሜ አልተማረም። ከብት ያለቀበትን ሰው ጎሳው እንስሳት አዋጥቶ የሚያቋቁምበት «ቡሳ ጎኖፋ» የሚባል ሥርዓት አለው። ፕሪሚየም የለው፣ የውል ወረቀት የለው። ችግሩ ግን ድርቅ የሁሉንም በረት አንድ ላይ ይመታል። ሁሉም ባዶ እጁን ሲቀር ማን ለማን ያዋጣል?

እ.ኤ.አ. በ2012 ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጋር ሆኖ አዲስ ነገር ይዞ መጣ። ሳተላይት የግጦሹን ልምላሜ ይለካል፤ ልምላሜው ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ኩባንያው ይከፍላል። የሞተ ከብት ቆጣሪ አያስፈልግም። ስንት ከብት፣ ስንት ግመል፣ ስንት ፍየል እንደሚያስገባ የሚወስነው አርብቶ አደሩ ራሱ ነው።

ታዲያ ተመራማሪዎቹ የቅናሽ ኩፖን በዕጣ አደሉ፤ ቅናሹ እስከ 80 በመቶ ይደርሳል። ባዶ እጁን የቀረም ነበር። ለአንዳንዱ ደግሞ ነገሩን የሚያስረዳ የሥዕል መጽሐፍና ካሴት ደረሰው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። ትምህርቱ እውቀት ጨመረ፤ ገዢ መጨመሩ ግን አጥጋቢ ማስረጃ አልተገኘለትም። ኩፖኑ ግን ገዢ አመጣ። ደግሞም ቅናሽ የለመደው ሰው በሚቀጥለው ወቅት «በትናንቱ ዋጋ ካልሆነ አልገዛም» ብሎ አላኮረፈም። አባባላችን እዚህ ጋ ወደቀች ማለት ነው!

ቅናሹ ሙሉ ሲሆንስ? እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም የምግብ ፕሮግራም በጎረቤት ሶማሌ ክልል ለተመረጡ አርብቶ አደሮች ፕሪሚየሙን ሙሉ በሙሉ ከፈለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ በተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅንም የድሃ ድሃውን መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል። እዚህ ላይ ጥያቄው «ልግባ ወይስ ልቅር?» መሆኑ ቀርቶ «ስሜ ዝርዝሩ ውስጥ አለ ወይ?» ይሆናል። የሚመርጠው ተጠቃሚው ሳይሆን መዝጋቢው ነው።

ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ ቦረና መንጋውን ቀበረ። ከዚያ ወዲህ «ነጻ ይሁን ወይስ በዋጋ?» ብሎ መከራከር የቅንጦት ይመስለኛል። ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ኩፖኑን ማን ይቆርጣል? ቡሳ ጎኖፋ የፕሮጀክት ማብቂያ ቀን ኖሮት አያውቅም።