የቢየርታን መንደርና የሳክሶኖች ጉርብትና

የካርፓትያ ተራሮች ከከበቡት ከትራንሲልቫኒያ አገር፣ ከሲቢዩ ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ቢየርታን የምትባል የሮማኒያ የገጠር መንደር ትገኛለች። ጀርመኖች ቢርትሄልም፣ ሀንጋሮች ደግሞ ቤሬትሃሎም ይሏታል። አንዲት መንደር በሦስት ቋንቋ ሦስት ስም ማግኘቷ የታሪኳን ባሕርይ ገና ከመነሻው ያመለክታል። ወደ ስፍራው የሚደርስ ሰው አስቀድሞ የሚያየው በኮረብታ ላይ የቆመውንና በሦስት ዙር ቅጥር የታጠረውን ቤተ ክርስቲያን ስለ ሆነ፣ የጀርመኖቹ ማኅበር ለ8 መቶ ዓመታት ያህል የጸናው በግንቡ ኃይል ነው የሚል ግምት ያድርበታል። ነገሩ በጥልቀት ሲመረመር ግን ሌላ ሆኖ ይገኛል። ግንቡ ሕዝቡን ከውጭ ጠላት ጠበቀ እንጂ፣ ማኅበሩን ማኅበር አድርገው ያኖሩት የርስት መብት፣ ቤተ ክርስቲያንና የጉርብትና ሥርዐት ናቸው። እነዚህ ሦስቱ በተናጉ ጊዜ ግንቡ እንደ ቆመ ሕዝቡ ተበተነ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጀርመኖቹ ወደ ትራንሲልቫኒያ የመጡት በ12ኛው ምዕተ ዓመት፣ የሀንጋሪ ንጉሥ ዳግማዊ ጌዛ (1141–1162) ድንበሩን የሚጠብቁና ጠፉን የሚያቀኑ ሰፋሪዎች በጠራ ጊዜ ነው። በጽሕፈት ሳክሶኖች ተብለው ይጠሩ እንጂ አብዛኞቹ የመጡት ከሳክሶኒያ ሳይሆን ከራይንና ከሞዘል ወንዞች አካባቢ፣ ከሉክሰምበርግና ከፍላንደርስ ነው፤ በቤታቸው የሚናገሩትም ቋንቋ የሉክሰምበርግን አነጋገር ይመስላል። ንጉሥ ዳግማዊ እንድርያስ በ1224 በሰጣቸው ደብዳቤ ዳኞቻቸውንና ቀሳውስቶቻቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ ፈቀደላቸው፤ እነርሱም በየዓመቱ 500 ማርክ ብር ለንጉሡ ይገብሩ ዘንድ ተወሰነ። ስሟ በ1283 በጽሑፍ የተገኘው ቢየርታን በዚህ ደብዳቤ ክልል ውስጥ አልነበረችም፤ የአካባቢዋ ሰፋሪዎች ይህን መብት ያገኙት በ1315 ነው። ከዚያ ወዲህ የመንደሯ ገበሬ የጉልተኛ ገባር ሳይሆን፣ ለንጉሥ ብቻ የሚገብር ባለርስት ሆነ።

ከ14ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የቱርኮች ወረራ ስለ በረታ፣ ሳክሶኖች ቤተ ክርስቲያኖቻቸውን ምሽግ አደረጉ። ከእነዚህም 150 ያህሉ እስከ ዛሬ ቆመው ይታያሉ። የቢየርታን ቤተ ክርስቲያን በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በ16ኛው መጀመሪያ የተሠራ ነው፤ በ1515 የተሠራው የዕቃ ቤቱ በር መዝጊያ በአንድ ቁልፍ ዙሪያውን በብዙ ስፍራ ስለሚቆለፍ የጥንት ባለእጆችን ጥበብ ይመሰክራል። በ16ኛው ምዕተ ዓመት ዮሐንስ ሆንቴሩስ ባስነሣው ተሐድሶ ሳክሶኖች የሉተርን እምነት ተቀበሉ። በ1572 የቢየርታን ቄስ ሉካስ ኡንግሌሩስ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ሲመረጥ ደብሩን ሳይለቅ በዚያው ተቀመጠ፤ በዚህም ምክንያት መንደሯ እስከ 1867 የኤጲስ ቆጶሱ መንበር ሆና ኖረች።

የመንደሩን ኑሮ የሚመራው ግን ጉርብትና የሚባለው ማኅበር ነበር። በአንድ ሰፈር የሚኖሩ አባወራዎች ሁሉ በአንድ ጉርብትና ይታቀፉ ነበር፤ አለቃቸውም የጉርብትናው አባት ይባላል። መልእክት ሲኖር ከእንጨት የተሠራ ምልክት ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ የተቀበለው ሰው ለሚቀጥለው ጎረቤት ማድረስ ግዴታው ነው። ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍሩትና ሬሳ የሚሸከሙት ጎረቤቶች ናቸው፤ ከቀብር በኋላም የእንባ ዳቦ የተባለው ማዕድ በአንድነት ይበላል። ቤት መሥራት፣ ጉድጓድ ማጽዳትና እሳት መጠበቅም የጋራ ሥራ ነበር። በዐቢይ ጾም መግቢያ ሰሞን ጉርብትናው ተሰብስቦ ሒሳቡን ይመረምራል፤ ያጠፋውን መቀጫ ያስከፍላል፤ የተጣሉትንም ያስታርቃል።

ለመፋታት የሚፈልጉ ባልና ሚስት በቅጥሩ ውስጥ ባለች ክፍል ለጥቂት ሳምንታት እንዲዘጉ፣ አንድ አልጋና አንድ ሳሕን ብቻ እንዲሰጣቸው ይደረግ እንደ ነበር በመንደሩ ይተረካል። ትረካው በአፍ ሲተላለፍ ምን ያህል እንደ ተጨመረበት መለየት ቢያስቸግርም፣ ማኅበሩ የባልና የሚስትን ጠብ እንኳ የጋራ ጉዳይ አድርጎ ይመለከት እንደ ነበር ያስረዳል።

ይሁን እንጂ ይህ መረዳዳት ለሁሉ የተከፈተ አልነበረም። በ1437 የሀንጋር መኳንንት፣ ሴኬዮችና ሳክሶኖች በተስማሙበት ቃል ኪዳን ሮማኒያውያን ቦታ አላገኙም። በሳክሶኖች ምድር እረኛና ሠራተኛ ሆነው በመንደር ዳርቻ ይኖሩ ነበር፤ ኦርቶዶክስ እምነታቸውም ሕጋዊ እውቅና ካገኙት አራት ሃይማኖቶች አንዱ አልነበረም። ሮማዎችም ከማኅበሩ ውጭ፣ በአንጥረኝነትና በጉልበት ሥራ ይተዳደሩ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዮሴፍ በ1781 ሌሎችም በሳክሶኖች ምድር ርስት እንዲገዙ ሲፈቅድ፣ ሳክሶኖች እንደ በደል ቆጠሩት፤ ለሮማኒያውያን ግን የመብት መጀመሪያ ነበር።

የሀንጋሪ መንግሥት በ1876 የሳክሶኖችን የራስ አስተዳደር ሻረ። ከ1918 በኋላ አገሩ ወደ ሮማኒያ ሲዞር፣ በ1921 የወጣው የመሬት አዋጅ ከቤተ ክርስቲያናቸው ርስት ብዙውን ወሰደ። በ1930 በሮማኒያ 745,000 ያህል ጀርመኖች ይኖሩ ነበር። ከባዱ ስብራት ግን በከፊል ከራሳቸው ወገን መጣ። በ1940 ለሂትለር የታዘዘ ቡድን መሪነታቸውን ያዘ፤ በ1942 የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ቤቶች ወደዚሁ ቡድን ተዛወሩ፤ ከ1943 ስምምነት በኋላም ከ50,000 የሚበልጡ የሮማኒያ ጀርመኖች በኤስ ኤስ ጦር ተሰለፉ። በጥር 1945፣ ጥፋተኛና ንጹሕ ሳይለይ፣ ከ17 እስከ 45 ዓመት ያሉ ወንዶችና ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉ ሴቶች ለግዳጅ ሥራ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተጋዙ፤ ቁጥራቸው 70,000 ያህል ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት በወጣው አዋጅ የጀርመኖች እርሻ ተወርሶ፣ መሬት ለሌላቸው ተከፋፈለ።

ርስቱ ከሄደ በኋላ ጉርብትናው ብቻውን ሰውን ሊይዝ አልቻለም። የምዕራብ ጀርመን መንግሥት ለቡካሬሽት ገንዘብ እየከፈለ፣ እስከ 1989 ድረስ ከ200,000 የሚበልጡ ጀርመኖች ከሮማኒያ ወጡ፤ ድንበሩ በተከፈተበት በ1990 ብቻ ከ110,000 በላይ ተከተሏቸው። በ2021 ቆጠራ በሮማኒያ የተገኙት ጀርመኖች 23,000 ያህል ናቸው። በቢየርታን ዛሬ በብዛት የሚኖሩት ሮማኒያውያንና ሮማዎች ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑና መንደሩ በ1993 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገቡ፤ በ1999 ሌሎች ስድስት መንደሮች ተጨመሩ።

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው ሁለት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛ፣ የመንደር ጽናት የሚለካው በቅጥሩ ውፍረት ሳይሆን፣ ቀብርን፣ እርቅንና ርስትን በጋራ በሚያስተዳድር ሥርዐት ነው። ሁለተኛ፣ ያው ሥርዐት በር ዘግቶ ከኖረ፣ ባለቤቶቹ ሲሄዱ የሚረከበው ወራሽ አያዘጋጅም። በቢየርታን ቅጥሩን የተረከቡት፣ አባቶቻቸው በጉርብትናው ያልተቆጠሩት ሰዎች ናቸው። የመንደሪቱም ታሪክ ሙሉ የሚሆነው፣ በቅጥሩ ውስጥ የነበሩትና በዳርቻው የኖሩት በአንድነት ሲጻፉ ነው።