የልጅ ክርክር ወጪው የማን ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

ከጉደር አምቦ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ቅርብ ቢሆንም፣ ከባሏ ተፋትታ «ልጄን እኔ ላሳድግ» ለምትል እናት በየቀጠሮው የመኪና፣ የማመልከቻ ማስጻፊያና የምስክር ማመላለሻ ወጪ አለባት። አንዳንዷ እውነት ይዛ ሳለ ገንዘብ ሲያልቅባት ክርክሩን ትተዋለች።

ወደ ሰሓቦች ዘመን መለስ እንበል። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ከፈቷት ሚስታቸው ዓሲም የሚባል ልጅ ነበራቸው። አንድ ቀን ቁባእ ላይ መስጂዱ ዘንድ ሲጫወት አግኝተው ሊወስዱት ሲሉ አያቱ ደረሰች። ሁለቱም «ልጄ ነው» እያሉ ኸሊፋው አቡበክር (ረ.ዐ.) ዘንድ ቀረቡ። አቡበክር ልጁን እንዲተዉላት ፈረዱ። ዑመርም አንድ ቃል ሳይመልሱ ተቀበሉ። ይህን ኢማሙ ማሊክ በሙወጧእ ዘግበውታል። እንዲህ ያለ ሰው ባላጋራውን ለወጪ አይዳርግም።

ሁሉም ግን እንደ ዑመር አይደለም። ስለዚህ ሕግ አስፈለገ። በአገራችን፣ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1936 የወጣው አዋጅ ቁጥር 62 ለቃዲና ለነይባ ምክር ቤቶች ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ቀለብንና የልጆችን ሞግዚትነት የማየት ሥልጣን ሰጠ። ብዙዎቻችን የማናስተውለውን አንድ ነገርም ጨመረ፤ በእነዚሁ ጉዳዮች ክርክር የወጣውን ወጪ ማን እንደሚከፍል ቃዲው ይወስናል። የፌዴራል የሸሪዐ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው የ1992ቱ አዋጅ ቁጥር 188ም ይህንኑ ደገመው። እርግጥ ነው፣ ጉዳዩ በሸሪዐ የሚታየው ሁለቱም ወገኖች ሲፈቅዱ ነው። የምንኖርበት ኦሮሚያም የራሱ የሸሪዐ ፍርድ ቤቶች አሉት።

በመደበኛው ፍርድ ቤትም በር አለ። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 462 የክርክርን ወጪ ማን ይክፈል የሚለውን ለዳኛው ይተዋል። ከቁጥር 467 ጀምሮ ደግሞ ድህነቱን ያስረዳ ሰው የዳኝነት ሳይከፍል ክስ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል።

እህቶቻችን ሆይ፣ ያወጣችሁትን ጻፉ፣ ደረሰኙን አስቀምጡ፣ ወጪያችሁ እንዲተካም ዳኛውን በግልጽ ጠይቁ። አቅም ከሌላችሁም ከመጀመሪያው ተናገሩ። ዝም ያለችን ሴት መብት ማንም ፈልጎ አያመጣላትም።

ወንድሞቻችን ሆይ፣ አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 233 እናትም አባትም በልጃቸው ምክንያት እንዳይጎዱ አዟል። ቀጠሮ በማብዛት የልጃችሁን እናት ማድከም ጉዳት ነው። ለጠበቃ የሚከፈለው ብርም ለልጁ ጫማና ደብተር ሊሆን ይችል ነበር። ሽማግሌዎችና ጀማዓችንም ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ለማስታረቅ እንሞክር፤ ካልሆነም የደከመችውን እናት የመኪናዋን እንኳ እንሸፍንላት።

ወሏሁ አዕለም።